ዱቄቱም በርነሩም ንጹህ ነበሩ፦ የአንድ ዳቦ ቤት የፋን ሞተር ጉዳይ

ዳቦ ቤቷ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች ናት። ያላት ኦቨን አንድ ብቻ ነው። በናፍጣ የሚሠራ፣ ትሪ የተደረደረበት ጋሪ ውስጡ የሚሽከረከር፣ በከተማው ብዙ ዳቦ ቤቶች ያላቸው ዓይነት። እሱ ከቆመ ዳቦ ቤቷም ቆመች ማለት ነው። በቡሄ ሰሞን ሊቆም ትንሽ ነበር የቀረው።

ጉዳዩን ለመከተል አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። በርነሩ እሳቱን የሚተፋው ዳቦው ላይ አይደለም፤ ከኋላ ባለ የብረት ክፍል ውስጥ ነው። ትልቅ ፋን አየር እየገፋ በጋለው ብረት ላይ ያሳልፋል። የሞቀው አየር በግድግዳው ክፍተቶች ወጥቶ በትሪዎቹ መካከል ያልፍና ዳቦውን ያበስላል፤ ተመልሶም ወደ ፋኑ ይሳባል። ፋኑን የሚያዞረው ኦቨኑ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ 1.5 ኪሎ ዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌትሪክ መስመር የሚሠራ) ሞተር ነው። ከፋኑ ጋር የሚገናኘው በቺንጋ ነው።

በብርድ አገር፣ ለምሳሌ ሰሜን አሜሪካ፣ ቤት የሚያሞቀው ፈርነስ የሚሉት ማሽንም አሠራሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እሳት አለ፣ የጋለ ብረት አለ፣ አየር የሚገፋ ሞተር አለ። እዚያ ሞተሩ ሲደክም ሰው ይበርደዋል። እዚህ ዳቦው ይነጣል።

የነጣውም በሐምሌ አጋማሽ ነው። መጀመሪያ ያየው ዋናው ጋጋሪ ነበር። የላይኞቹ ትሪዎች ጠቆር ይላሉ፣ የታችኞቹ ደግሞ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። በፊት በ18 ደቂቃ የሚወጣ ዳቦ 22፣ ከዚያ 25 ደቂቃ ይፈልግ ጀመር። ናፍጣውም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ግን ማንም ሁለቱን አላገናኘም፤ ናፍጣ ሲያልቅ ሰው የሚያስበው ዋጋውን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

ዳቦ ሲበላሽ የመጀመሪያው ተከሳሽ ዱቄት ነው። ባለቤቷም ዱቄት አቅራቢዋን ቀየረች። ለውጥ የለም። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ደረሰ። ለስላሳው ዳቦ ውስጥ ወተት መግባት አቆመ። ወተት የሌለው ሊጥ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፤ ይሄ እውነት ነው። ስለዚህ «የጾም ዳቦ ነው፣ ምን ይደረግ» ተባለ። እኔ ግን በኋላ ለጥገና ተጠርቼ ጋጋሪውን መቼ እንደጀመረ ስጠይቀው የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ወተት ሲገባ በነበረበት ሰሞን እንደሆነ ነገረኝ። ደግሞም የዱቄት ወይም የወተት ችግር ሁሉንም ትሪ እኩል ነው የሚያነጣው። ላይና ታቹ ከተለያየ ጥያቄው ስለ ሊጡ መሆኑ ይቀርና ስለ አየሩ ይሆናል።

ቀጥሎ በርነሩ በመሃል እየጠፋ አስቸገረ። የበርነር ባለሙያ ተጠራ። ኖዝሉን አጸዳ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ የናፍጣውን ግፊትም ከፍ አደረገ። እሳቱ በረታ። በርነሩ ግን ጭራሽ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ጀመር። እሱም የሪሴቷን ቁልፍ አሳይቷቸው ሄደ። «ሲጠፋ ይሄን ተጫኑ።»

በዚህ ጉዳይ ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ኦቨኑ ሁለት የሙቀት ጠባቂ አለው። አንዱ ዳቦው ያለበትን ክፍል ይለካል፤ ጋጋሪው የሚያየው ቁጥር የሱ ነው። ሌላው እሳቱ አጠገብ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል፤ ከልክ ካለፈ በርነሩን ይቆርጣል። ፋኑ ሲደክም ሙቀቱ ከጋለው ብረት ላይ የሚያነሳው ያጣል። እሳቱ ጋ ይከማቻል፣ ዳቦው ጋ አይደርስም። ዳቦው በሙቀት እጦት ሲቸገር ኦቨኑ በሙቀት ብዛት ራሱን ያጠፋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ በርነሩን ትቶ ወደ ፋኑ መውጣት ነው። ሪሴት እየተጫኑ መሥራት ደግሞ የብረቱን ክፍል እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል። ያ ከተሰነጠቀ የእሳቱ ጭስ ዳቦው ጋ ይገባል።

ድምፁን የሰማው ሊጥ የሚቆርጠው ልጅ ነው። ኦቨኑን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያስነሳው እሱ ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ጸጥ ስለሚል ሁሉም ነገር ይሰማል። ሞተሩ ሲነሳ ሲጢጥ ይልና ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል። ነገራቸው። «ቺንጋው ላልቶ ነው» ተባለና ቺንጋው ተወጠረ። ሲጢጥታው ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላው በምትኩ ጉርምርምታ መጣ፤ ይሄኛው ግን ሞተሩ ሲሞቅም ዝም አይልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ድምፅን መለየት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሲነሳ ብቻ የሚጮህና ወዲያው ዝም የሚል ሲጢጥታ ብዙ ጊዜ የቺንጋ ነው። ግን ግራሶው የደረቀ ኩሽኔታም (የሞተሩ ሻፍት የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) በብርድ ሲነሳ እንዲሁ ይጮሃል፣ ሲሞቅ ይተዋል። መለያው ቀላል ነው። ቺንጋው ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ሲደረግ ድምፁ ለአፍታ ከተቀየረ ቺንጋው ነው፤ ካልተቀየረ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። የማያቋርጥ ጉርምርምታ የኩሽኔታው ኳሶች የሚሽከረከሩበት መንገድ መላጡን ይናገራል። የማንኳኳት ድምፅ የላላ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት) ወይም የላላ ብሎን ነው። ሞተሩ እየጓጎረ ካልተነሳ ደግሞ አንድ ፌዝ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። በየካፌው ኩሽና ያሉት ትንንሽ ባለ አንድ ፌዝ የጭስ መሳቢያዎች ላይ ግን ይሄው ጉጉርታ በአብዛኛው የካፓሲተር ድካም ነው። ፋኑን በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ከተነሳ ካፓሲተሩን ቀይሩ፤ ሞተሩን አትጣሉት።

የቺንጋውን መወጠር ነገር ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሞተሩን ሻፍት ወደ ጎን ይጎትታል። ጭነቱን የሚሸከመው የፑሌጃው በኩል ያለው ኩሽኔታ ነው። ቀድሞውንም ግራሶው የደረቀ ከሆነ ይጨርሰዋል። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 6 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። የዚህ ዳቦ ቤት ቺንጋ እንደ ክራር ክር ነበር።

ከዚያ ሽታ መጣ። ከዚያ ሞተሩ ራሱን ያጠፋ ጀመር። ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኦቨርሎድ ሪሌ ሥራውን እየሠራ ነበር። አንድ የሰፈር ኤሌትሪሻን ግን «ሪሌው ተበላሽቷል» ብሎ በሌላ ቀየረው። የሞተሩ ሰሌዳ 3.6 አምፔር ይላል። አዲሱ ሪሌ ከ4 እስከ 6 የሚል ነው፤ እሱም 6 ላይ ተደርጓል፤ ሞተሩ ከሰሌዳው በላይ ቢስብም ዝም ይላል ማለት ነው። ሞተሩ መጥፋቱን አቆመ። ሰውየው ተመሰገነ።

እኔ የተጠራሁት ቡሄ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሙልሙሉን በየቤቱ መጋገር እየቀረ ባለበት በዚህ ዘመን ለሆያ ሆዬ ልጆች የሚሰጠው ዳቦ ብዙው ከዳቦ ቤት ነው የሚወጣው። ባለቤቷ ትዕዛዝ ተቀብላ ጨርሳለች።

«ኢንጂነር፣ በቃ አዲስ ሞተር ግዛልኝና ገላግለኝ» አለችኝ። በአዲስ አበባ ቴስተር የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው፤ ክርክር የለውም።

«እትዬ፣ ይሄኛውን ምን እንዳሳመመው ሳናውቅ አዲስ ብናስገባ አዲሱም ይታመማል። እስከ ማታ ጊዜ ስጭኝ።»

«እስከ ማታ ብቻ።»

ምንም ሳልፈታ መጀመሪያ ያየሁት የፋኑን አዟዟር ነው። ይህ ዓይነቱ ፋን በተቃራኒ ቢዞርም አየሩን ወደዚያው ወደ ለመደው አቅጣጫ ነው የሚገፋው፤ አቅሙ ግን በጣም ይወርዳል። ስለዚህ «ነፋስ አለ» ማለት «በትክክል ይዞራል» ማለት አይደለም። የመስመር ጥገና ሲደረግ ሁለት ፌዝ ከተቀያየረ ይህ ይከሰታል። እዚህ ግን ፋኑ በቀስቱ አቅጣጫ ነበር የሚዞረው።

ቀጥሎ ሽቦን ከውጭ አቅፎ አምፔር በሚለካው ክላምፕ ሜትር ሦስቱን ሽቦዎች ለካሁ። 2.9፣ 4.5፣ 4.2። ሁለት ነገር ይታያል። ሁለቱ ፌዞች ከሰሌዳው 3.6 በላይ ናቸው። ሦስቱም ደግሞ እኩል አይደሉም። ኩሽኔታ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አንድ ላይ ነበር ከፍ የሚሉት። አለመተካከሉ የኤሌትሪክ ችግርም እንዳለ ይናገራል።

ወደ ቦርዱ ሄድኩ። ሞተሩን ወደሚያበራውና ወደሚያጠፋው ማብሪያ፣ ወደ ኮንታክተሩ፣ የሚገባው ቮልቴጅ ሦስቱም ላይ ተቀራራቢ ነው፣ 380 አካባቢ። ስለዚህ መብራቱን መውቀስ አይቻልም፤ ክረምት ስለሆነ ሁሉም እሱን ለመውቀስ ተዘጋጅቶ ነበር። ሞተሩ እየሠራ በእያንዳንዱ የኮንታክተር መገናኛ ላይ ከመግቢያ እስከ መውጫ ለካሁ። በሁለቱ ላይ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ነው። በሦስተኛው ላይ ወደ 20 ቮልት አሳየ። 20 ቮልቱ እዚያው ሙቀት ሆኖ እየቀረ ነው ማለት ነው። ፕላስቲኩም ቡናማ ሆኗል። የሦስት ፌዝ ሞተር በዚህ በኩል ሆደ ባሻ ነው፦ የቮልቴጁ ልዩነት 1 በመቶ ሲሆን የአምፔሩ ልዩነት ከ6 እስከ 10 እጥፍ ሊሆን ይችላል። እዚህ የቮልቴጁ ልዩነት 3 በመቶ ገደማ ነበር።

የሞተሩን ሙቀት በሌዘር ቴርሞሜትር ለካሁ። በፑሌጃው በኩል 98 ዲግሪ፣ በኋላ በኩል 71። ብዙ ሰው በእጁ ነው የሚፈትነው፤ ማስቀመጥ ካቃተው «ነዷል» ይላል። ግን እጅ ከ60 ዲግሪ በላይ አይችልም፣ ጤነኛ ሞተር ደግሞ በሥራ ላይ 70 ሊደርስ ይችላል። የእጅ ፍርድ እዚህ አይሠራም። ዋናው ነገር በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ጫፍ ብቻውን ከጋለ ኩሽኔታው ነው።

ማታ ኦቨኑ ሲቆም ዋናውን ማብሪያ አጥፍተን ቺንጋውን አወጣን። ፋኑን በእጅ ስናዞረው እንደ ልቡ ይዞራል። ሞተሩን ስናዞረው አሸዋ ያለበት ይመስላል፤ ሻፍቱን ከፍ ዝቅ ስናደርገው ይንቃቃል። ከዚያ ሞተሩን ያለ ቺንጋ አስነሳነው። ጉርምርምታው እንዳለ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ከዚያ ልጁን ጠርቼ አስደመጥኩት።

«ይሄ ነው ጋሼ! ሌሊት የምሰማው ይሄ ነው!»

ቀደም ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ከቺንጋው አልፎ ያሰበ ግን አልነበረም። በእኔ ግምት እዚያ ቤት ካለው መሣሪያ ሁሉ የተሻለው የዚህ ልጅ ጆሮ ነበር።

የፋኑ ምላሶች ላይ የዱቄት ብናኝና ቅባት ተጋግሮ አገኘን። ጠፍጠፍ ብሎ የጠጠረ ነው፤ በአንድ በኩል ደግሞ በዝቷል። ይህም አየሩን ይቀንሳል፣ ፋኑንም ያንቀጠቅጣል። ልጁና ጋጋሪው ፋቀው አጸዱት።

ሞተሩ ሲከፈት የፊተኛው ኩሽኔታ ግራሶ ጠቁሮ አመድ ሆኗል። ጥምጥሙ፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ቡና ቀለም ይዟል፣ የተቃጠለ ቦታ ግን የለም። የሽቦውን ሽፋን ጤንነት በሚለካው ሜገር በ500 ቮልት ስለካው 8 ሜጋኦም አሳየ። ከ1 በታች ቢሆን ሞተሩን አላስነሳውም ነበር። ጤነኛ ጥምጥም ግን ብዙ ጊዜ በመቶዎች ነው የሚያሳየው። ከፊሉ የክረምቱ እርጥበት ነው። ሌሊቱን አምፖል አጠገቡ አብርተን አደረቅነው፤ ጠዋት 40 ሆነ።

በማግስቱ ከመርካቶ ሁለት 6205 ኩሽኔታ ገዛን። ሙቀት ያለበት ቦታ ስለሆነ በጎማ ሳይሆን በብረት የተሸፈነውንና ሲ3 የሚል ምልክት ያለውን መረጥኩ። ሲ3 ውስጡ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት አለው፤ ብረቱ ሲሞቅ እንዳይጣበቅ። ኮንታክተሩ ተቀየረ። ሪሌው ከ2.5 እስከ 4 በሚለው ተተክቶ 3.6 ላይ ተደረገ። ቺንጋው በልኩ ተወጠረ። የበርነሩ ግፊትም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ስናስነሳው 3.2፣ 3.3፣ 3.2 አሳየ። ዳቦው በ19 ደቂቃ ወጣ። ታችም ላይም አንድ ቀለም። በርነሩ በመሃል አልጠፋም። የቡሄው ትዕዛዝ ደረሰ።

ለባለቤቷ ግን አንድ ነገር ነገርኳት። «እትዬ፣ ጥምጥሙ አርጅቷል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ተረጋግተሽ መጠባበቂያ ሞተር ግዢ።»

«ጠገንኩት ብለህ ደግሞ ሌላ ግዢ ትለኛለህ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽ ሙቀትን አይረሳም። በተለምዶ የሚያዘው ስሌት፣ ከተፈቀደው በላይ በየ10 ዲግሪው የጥምጥሙ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ያ ሞተር ባልተመጣጠነ ፌዝና በተሳሳተ ሪሌ ሳምንታት ሠርቷል። ኩሽኔታ ይቀየራል። የተቀቀለ ቫርኒሽ ግን ሽቦው ተፈትቶ እንደ አዲስ ካልተጠመጠመ አይመለስም።

መጠባበቂያው ሲገዛ ሁለት ሐሳብ መጣ። አንደኛው፣ ፋኑ ፈጥኖ አየሩ እንዲበረታ ተለቅ ያለ ፑሌጃ ሞተሩ ላይ እንግጠም የሚል ነበር። እምቢ አልኩ። የፋን ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ሞተሩ ላይ ያለው ጭነት በሲሶ ያህል ይጨምራል። 1.5 ኪሎ ዋት ሞተር ያንን አይሸከምም። ሁለተኛው የኔ ነው፤ የተሻለ የሙቀት ደረጃ ያለው፣ ሰሌዳው ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ያለበት፣ ጥምጥሙ እስከ 155 ዲግሪ የሚችል ሞተር ይሁን አልኩ። የሞተር ሰሌዳ ላይ ያለው ኃይል በተለምዶ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ሞተር የሚያቀዘቅዝበት አየር ያንሰዋል። እርግጥ የሳሳ አየር ለፋኑም ይቀለዋል፤ አንዱ ሌላውን በከፊል ያካክሳል። ኦቨን ጣሪያ ላይ ግን የአካባቢው ሙቀት ከ40 የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ መቆጠብ አልወድም።

በጥቅምት አሮጌው ሞተር ቆመ። የዚህ ጊዜው ሽታ ከበፊቱ ይለያል። የበፊቱ የቺንጋና የግራሶ ሽታ ነበር፤ የአሁኑ አፍንጫ የሚወጋ የተቃጠለ ቫርኒሽ ነው። ሪሌው ወዲያው ቆረጠ፤ በቀጣዩ ሙከራም እንዲሁ። ልጁ ሦስተኛ አልሞከረም፤ እንዳይሞክር ተነግሮት ነበር።

ሌሊት ስለነበር የሰፈሩ ኤሌትሪሻን ነው መጥቶ መጠባበቂያውን የገጠመው። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። የመጀመሪያው ጋሪ ሲወጣ ግን ዳቦው እንደገና ነጣ። ባለቤቷ ሞተሩ የማይረባ ነው ብላ ልትመልሰው ነበር። ልጁ ኦቨኑን አስጠፍቶ ፋኑ ሊቆም ሲል ወደ ላይ ወጥቶ አየውና ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ነፋስ አለው፤ ግን ከቀስቱ በተቃራኒ ነው የሚዞረው።»

ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ኤሌትሪሻኑ እንዲያቀያይራቸው ነገርኩት። የቀጣዩ ጋሪ ዳቦ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቀስቱ በሞተሩ ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም ተስሏል። ቦርዱ በር ላይም የሰሌዳው አምፔር፣ የሪሌው ቁጥርና የዳቦው መደበኛ ደቂቃ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፏል። አሮጌው ሞተር ደግሞ ለመጠምጠም ተልኮ ተመልሷል፤ አሁን መጠባበቂያው እሱ ነው።